በያፌት ልክ የተሠራ ከተማ

በአዋሽ ከተማ ረጅም ሰው ሆኖ መኖር ቅጣት ነው። የአውቶቡሱ በር፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት፣ የቢሮው ወንበር፣ የዳቦ ቤቱ መስኮት፣ ሁሉም የተሠራው በጎረቤቴ በያፌት ሰሎሞን ልክ ነው፤ ያፌት ደግሞ ከትከሻዬ አያልፍም። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ የሚያይ ሰው በወጣትነቴ ተደባዳቢ የነበርኩ ይመስለዋል። የአውቶቡስ በር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ እንጂ ከሰው ተጣልቼ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ዩኒቨርሲቲው የንድፍ ጥናት ማዕከሉን የከፈተ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዕቃ ገበያ ሳይወጣ ለብዙ ሰው ይሰጥና አስተያየት ይሰበሰብ ነበር ይባላል። ፕሮፌሰር ኢዮስያስ ይህን ዘዴ ገለበጡት። ብዙ ሰዎችን በጥቂቱ ከማወቅ አንድን ሰው ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል የሚል ንድፈ ሐሳብ ነበራቸው። አንድ መካከለኛ ሰው ተፈልጎ ይገኝ፣ ሁለመናው ይጠና፣ በማሽን ውስጥ እንደሱ የሚሰማውና የሚናገር ግልባጩ ይሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ማንኪያም ይሁን አልጋ፣ ቧንቧም ይሁን መቀስ መጀመሪያ የሚሞከረው በግልባጩ ላይ ይሁን አሉ። ግልባጩ አይደክመውም፣ አይታመምም፣ በዓል አያከብርም። ፋብሪካው ጠዋት የላከው ንድፍ ምሳ ሳይደርስ ተሞክሮ ይመለሳል።

መካከለኛው ሰው ያፌት ሆኖ ተገኘ። በቁመቱ፣ በክብደቱ፣ በጫማው ቁጥር፣ በደሞዙ ሳይቀር መሀል ላይ ነው የዋለው። ከወንድሞቹና ከእህቶቹም መሀለኛው እሱ ነው። ያኔ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል ይሠራ ነበር። ሚስቱ ሄራን እስከ ዛሬ ታሾፍበታለች። «እኔ ቆንጆ ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ መካከለኛ መሆኑን የነገረኝ ዩኒቨርሲቲው ነው» ትላለች።

ግልባጩ ከተሠራ በኋላም ያፌት በየሳምንቱ ሐሙስ ማዕከሉ ይሄድ ነበር። ደረቱና ጣቶቹ ላይ መለኪያ ይለጥፉበታል፣ ድስት ያነሳል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ክዳን ይከፍታል። «እንዴት ነው?» ይሉታል። «ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ጠበቅ አድርገው ሲጠይቁት «ምንም አይል» ይላል። ከዚያ ሻይና ብስኩት ይቀርብለታል፣ እጅ ነስቶ ይወጣል።

ያፌትን የማያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ዕቃው ሁሉ የተመቸው ይመስለው ይሆናል። እኔ ስለማውቀው ልንገራችሁ። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ሳላውቅ ሻይ ውስጥ በስኳር ፋንታ ጨው ጨምሬ አቀረብኩለት። ጠጥቶ ጨረሰ፣ ድገም ስለው ደገመ፣ አመስግኖኝ ሄደ። የራሴን ብርጭቆ አፌ ላይ ያደረግሁት እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ገበያ ውስጥ ሰው ያስቆመውና «ያፌት፣ ያንተ ወንበር ወገቤን ጨረሰው እኮ!» ብሎ ይቀልድበታል። እሱ ግን ወንበሩን በገዛ እጁ እንደጠረበው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እነግራቸዋለሁ ይላል። መቼ ሊነግራቸው? ይሉኝታ የያዘው ሰው ነው።

አንድ ክረምት ላይ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ጤና ጣቢያው ደጋፊ መደበለት። ደጋፊው ዑስማን ይባላል፤ በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው፣ ያፌትን ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያዞረው ግን ጢም ብሎ የሞላ ብርጭቆ የያዘ ይመስላል። ጠዋት ያነሳዋል፣ ያጥበዋል፣ ማታ ያስተኛዋል። ሁለቱ በእግር ኳስ ይጨቃጨቃሉ። ያፌት በሕይወቱ የሚጨቃጨቀው በእግር ኳስ ብቻ ነው፣ በእሱም መጨረሻ ላይ ይሸነፋል።

ነገር ግን በከተማው ሽማግሌው በዛ፣ ደጋፊው አነሰ። እኛ ብዙ ሆነን ተወልደን ጥቂት ወልደናል። ስለዚህ ማዕከሉ ማንሻ እንዲሠራ ታዘዘ። ማንሻው ከአልጋው ራስጌ የሚቆም፣ ሁለት በጨርቅ የተለበጡ ክንዶች ያሉት ማሽን ነው። አንዱ በብብት ስር፣ አንዱ በጉልበት ስር ይገባና ሰውየውን አንስቶ፣ አዙሮ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። «እንደምን አደሩ» ማለትም ያውቃል። ማንሻ የጸደቀበት ቤት ደጋፊ አይመደብለትም፤ የተያዘው ዕቅድ ይኸው ነበር።

ማንሻውን የነደፈችው ትርንጎ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ናት። በዚያን ጊዜ የቅድመ አያቶች ስም እንደገና ፋሽን ሆኖ ነበር። እኛ ያፌት፣ ሄራን፣ ናሆም፣ ኤልዳና የምንባል ሽማግሌዎች እነዚህን ትርንጎዎችና ውድነሾች «ነይ እስቲ አንቺ ልጅ» ብለን ስንጠራ ቅድመ አያቶቻችንን የምናዝ ይመስለን ነበር። ትርንጎ አንዱን ማንሻ ለሙከራ ያፌት ቤት ተከለችው፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ዑስማንም መምጣቱን አላቆመም። ግልባጩ የሚኖረው ማዕከሉ ውስጥ ነው፤ የግልባጩ ባለቤት ደግሞ እውነተኛ በሽተኛ ሆኖ አልጋ ላይ ተገኘ። ለተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ዕድል የለም።

ጥሩ ልጅ ናት። ባዶ እጇን አትመጣም፤ አንድ ቀን ፓፓያ፣ አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ ይዛ ትመጣለች። ያፌትን ጋሼ፣ ሄራንን እትዬ ትላለች። በመጣች ቁጥር ጎንበስ ብላ «ጋሼ፣ ዛሬስ እንዴት ነበር?» ብላ ትጠይቀዋለች። «ጥሩ ነው ልጄ፣ ተባረኪ» ይላታል። ሄራንም ወደደቻት፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ሄራን ሰውነቱን በፎጣ እያበሰች ሳለ ክንዱን ቀና ስታደርገው ብብቱ ስር ቆዳው በልዞ አየች። የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት።

«ይኼ ምንድነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ብብትህ ስር ነዋ! በልዟል እኮ።»

«እ… ቆዳ ነው፤ ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል። ምንም አይል።»

«ማሽኑ ነው፣ አይደል?»

ያፌት «ሄርዬ፣ ልጅቷ ስንት ዓመት ደክማበታለች መሰለሽ» አላት።

ከያፌት አፍ ከዚህ የበለጠ ማመን አይገኝም። ሄራን ትርንጎ እስክትመጣ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ እኔም ድምፃቸውን ሰምቼ ወጣሁ።

«ብብቱን አይተሽዋል?» አለቻት።

«ጋሼ ምንም አላሉኝም እኮ፣ እትዬ። በየቀኑ ጠይቄያቸዋለሁ።»

«እሱማ አይልም! እሱ አንገቱን ቢቆርጡት ቢላዋው ስለታም ነው ብሎ ያመሰግናል።»

ትርንጎ ፊቷ ተለዋወጠ። የማንሻው ክንድ ግፊት ከተፈቀደው በታች መሆኑን መለኪያው ራሱ እንደሚያሳይ እየተንተባተበች አስረዳች። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። ማንሻው በሚቀጥለው ሳምንት በማዕከሉ ጉባኤ ፊት ይቀርባል፣ ጋሼም መጥተው ቃላቸውን ቢሰጡላት ብላ ነው። ከጸደቀ ትመረቃለች፤ ካልጸደቀ ከሀ መጀመሯ ነው።

«ግልባጩ አለ አይደል? እሱን አትጠይቁትም?» አልኳት።

«ሕያው ሰው ካለ ይጠየቃል፤ ሕጉ ነው» አለች፣ ዓይኖቿን ከእኔ አሽሽታ።

ሄራን ያን ሳምንት ሙሉ ለመነችው። ግልባጩ ያፌት ራሱ አይደል? ራሱ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚል የታወቀ ነው፣ «ጥሩ ነው፣ ተባረኩ» ይላል። ስለዚህ የቀራት ተስፋ ሕያው ባሏ ብቻ ነበር። «አንዲት ቃል ናት። ያመኛል በል። ዑስማን እንዲቀርልን በል» ትለዋለች። «እሺ» ይላታል። እሷ ደግሞ ያን እሺ ታውቀዋለች፤ እሷን ላለማስቀየም የሚባል እሺ ነው።

የጉባኤው ቀን ዑስማን አጥቦ ሙሉ ልብስ አለበሰው፣ ከረባቱን አስተካከለለት። «ጋሼ፣ ነገ ልምጣ ወይስ ይበቃኛል?» ብሎ ጠየቀው። «ምን ማለትህ ነው? ትመጣለህ እንጂ!» አለው ያፌት። ዑስማን ወደ ሄራን ዞሮ አየ። ሄራን ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ተሽከርካሪ ወንበሩን የገፋሁት እኔ ነኝ። የማዕከሉ አዳራሽ በርም በያፌት ልክ ስለሆነ እሱ በሰላም ሲገባ እኔ ግንባሬን መታኝ። ፕሮፌሰር ኢዮስያስ ከመድረኩ ወርደው መጡ። ሸምግለዋል፣ ጎብጠዋል። ያፌትን ትከሻውን ስመው ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ሁሉን ጠየቁት። ስንት ዘመን ሐሙስ ሐሙስ ሲገናኙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ግን ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«እንደ ሥርዓታችን መጀመሪያ ግልባጩ ያለውን እንሰማለን» አሉና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ከድምፅ ማጉያው የወጣው የወጣቱ ያፌት ድምፅ ነው። ባቡር ጣቢያ የሚሠራበት ዘመን ድምፅ፣ ምንም ሳይጎድል። ሄራን እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። ድምፁ ግን እንዲህ ነው ያለው፦

«ኧረ ቀስ! ብብቴን! ብብቴን ላጠው እኮ። ወደ ግራ ሲያዞረኝ ትከሻዬ ይገነጠላል። አውርዱኝ። አውርዱኝ ብያለሁ! ይህን ነገር አልፈልገውም፣ ከቤቴ አውጡልኝ።»

ያፌት ግራ ቀኙን አየ።

«ማነው ይሄ?» አለ።

«እርስዎ ነዎት፣ አቶ ያፌት። ግልባጩ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«እኔ? እኔ እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።»

«አዎ… እሱን እናውቃለን።»

ፕሮፌሰሩ ላብ ላብ እያላቸው የተናገሩትን እኔ በአጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ያፌት ጥሩ ነው ብሎ ያሳለፈው ጀበና ገበያ ወጥቶ የከተማውን ሰው ጣት አቃጠለ። ተመራማሪዎቹ ደንግጠው መለኪያውን ሲመለከቱ፣ ያፌት ጀበናውን ሲይዝ ልቡ ዘሎ፣ ጣቶቹ ሸሽተው ነበር፤ አፉ ብቻ ነው ጥሩ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ግልባጩ ላይ የይሉኝታ ማስተካከያ የሚሉትን ገጠሙበት። ግልባጩ አፉን ትቶ አካሉ የሚለውን እንዲናገር አደረጉት። የከተማው ዕቃ ሁሉ ሲሠራ የኖረው በዚህ ነው።

«ታዲያ ለሱ ለምን አልነገራችሁትም?» አለች ሄራን ከተቀመጠችበት።

«እንዴት ብለን፣ እትዬ?» አሉ ፕሮፌሰሩ። «የሚሉትን አናምንም ማለት ሊሆንብን ነው። እኛንም ይሉኝታ ያዘን።»

ስለዚህ በየሐሙሱ ጠርተው ይጠይቁታል፣ የሚለውን ይሰሙታል፣ ያመሰግኑታል፣ ብስኩት ያቀርቡለታል፤ እሱ ሲወጣ የተናገረውን ይጥሉታል። እሱ እነሱን ላለማስቀየም ይዋሻል፣ እነሱ እሱን ላለማስቀየም ያመኑ ይመስላሉ። ብዙ ዓይነት ጥናት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ከእኛ አገር ውጭ የሚሠራ አይመስለኝም።

ያፌት ፊቱ ደም መሰለ። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ አፍሮ ነው። ደህና በሆነው እጁ ወንበሩን ተደግፎ ወደ ትርንጎ ዞረ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። «እንዲህ ያለ ባለጌ አፍ ከኔ አይወጣም ነበር። ሰው ስንት የደከመበትን ሥራ እንዲህ ያዋርዱታል? ወጣት ስለሆነ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ነው የልጅቷ ጉዳይ የገባኝ። ግልባጩ ማንሻውን አስቀድሞ ጥሎባታል። ያፌትን የፈለገችው ለዚህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣ አንድ ሕግ አለ፤ በጉባኤ ፊት ግልባጭና ሕያው ሰው ካልተስማሙ የሚጸናው የሕያው ሰው ቃል ነው ይላል። ሕጉ የወጣ ዕለት የሰው ልጅ ከማሽን በላይ ሆነ ብለን አደባባይ ወጥተን ጨፍረናል። እኔም ነበርኩበት።

«አቶ ያፌት» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እንግዲህ የሚጸናው የእርስዎ ቃል ነው። ማንሻው ያምዎታል?»

ያፌት ወደ ሄራን አየ። ሄራን ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ያመኛል በል፣ ያመኛል በል። ወደ ትርንጎ አየ። ልጅቷ ሁለት እጆቿን አጣምራ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች፣ ጣቶቿ ነጥተዋል።

«ምንም አይል» አለ። «ጥሩ ነው።»

ሄራን ብድግ አለች። ጸሐፊው የመናገር መብት የለዎትም ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሽማግሌ ሴት እንዴት ተቀመጪ ይባላል፣ መልሶ ዘጋው።

«ያፌት» አለችው። «ነገ እኔ ብወድቅስ? እንዳንተ አልጋ ላይ ብቀርስ? በዚህ ማንሻ ታስነሳኛለህ?»

«አንቺን?»

«አዎ፣ እኔን።»

«በፍጹም!» አለ ያፌት። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኸ። «ማን ፈቅዶለት ነው? ብብትሽን ይልጠዋል እኮ! ትከሻሽን ይገነጥለዋል! አንቺን በዚህ ነገር? እኔ እያለሁ? አላስነካሽም!»

«ይኸው» አለች ሄራን ወደ ጉባኤው ዞራ። «ሰማችሁ።»

ሰምተዋል። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉ። ከጎናቸው ካሉት ጋር ተንሾካሾኩ። ጸሐፊው ሕጉን አነበበ። የሕያው ሰው ቃል የሚጸናው ስለ ራሱ ሲናገር ብቻ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው ሲናገር አስተያየት ነው። ማመልከቻውን መልሳ መውሰድ የምትችለው አመልካቿ ብቻ ናት። ሁሉም ወደ ትርንጎ አየ። ትርንጎ ወለሉን አየች። በሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ግን በዚያች ሰዓት ጠላኋት።

ውሳኔው ተነበበ። ማንሻው ጸድቋል። በተጨማሪም ባለቤታቸው በገለጹት መሠረት ወይዘሮ ሄራን ወደፊት የአልጋ ቁራኛ ቢሆኑ በማንሻው እንዳይነሱ ተወስኗል። በከተማው ውስጥ ከማንሻው ነጻ የሆነች አንዲት ሴት ተገኘች፤ እሷም በሁለት እግሯ የምትሄድ ናት።

ዑስማን ሊሰናበት መጣ። ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ ወዳለው ሰፈር፣ ማንሻ ገና ወዳልደረሰበት ተዛውሯል። ያፌትን ለመጨረሻ ጊዜ አንስቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ተከራከሩ፣ ያፌት ተሸነፈ። ዑስማን ደረጃው ላይ ሲደርስ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ።

ከዚያ ወዲያ ሄራን አንድ ዘዴ አበጀች። ጠዋት ማንሻው «እንደምን አደሩ» ሲል፣ ቁልፉን ከመጫኗ በፊት «ያፌት፣ እኔን ቢያነሳኝ የት ነው የሚያመኝ?» ትለዋለች። እሱ ያስብና «በግራ በኩል፣ ከብብትሽ ስር» ይላታል። ፎጣ አጣጥፋ እዚያው ቦታ ላይ ትደርብለታለች። ከዚያ ቁልፉን ትጫናለች። የበለዘው ቦታ እየደበዘዘ መጣ። «ዘዴውን አገኘሁለት! ዩኒቨርሲቲው ያላገኘውን» ብላ ነገረችኝ። እንደዚያ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቼ ነበር። ማንሻው በየቤቱ ገባ፣ ደጋፊዎች አንድ በአንድ ተዛወሩ። በየሰፈሩ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» የሚል አንድ ዓይነት ድምፅ በመስኮት ይወጣል።

ትርንጎ ተመርቃ፣ ዶክተር ተብላ፣ የቀጣዩ ዓመት ክረምት ሲወጣ መጣች። እኔ የነሱን መስኮት መጋረጃ እየሰቀልኩ ነበር፤ ቁመቴ የሚጠቅመው ለዚህ ብቻ ነው። ማንሻው በደንብ መሥራቱን ለማየት ነው የመጣሁት አለች። ከስታለች። ሄራን ከነጭራሹ አላየቻትም ለማለት ይቻላል፤ ሰላምታዋን በአገጯ ተቀብላ ሥራዋን ቀጠለች። ጊዜው ያፌት የሚነሳበት ነበር። እንደ ልማዷ ጠየቀችው፣ እንደ ልማዱ መለሰላት፣ ፎጣውን ልትደርብ አጣጠፈች።

ትርንጎ ይህን ቆማ አየች። ከዚያ ሳትጋበዝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ» አለችው። «እናቴም አልጋ ላይ ናት። ማንሻው የሷም ቤት ሊገባ ነው። እናቴን ቢያነሳትስ?»

እናቷ በእርግጥ ትታመም አትታመም እስከ ዛሬ አልጠየቅናትም። ያፌት ግን ዓይኑን ከጣሪያው ወደ እሷ መለሰ።

«እናትሽን?» አለ። «እንግዲያውስ ስሚኝ ልጄ። መጀመሪያ ክንዱ ሲመጣ ጫፉ ይቀዘቅዛል፤ አንገቷን ሲነካት ትደነግጣለች። ከዚያ ጉልበቷ ስር ሲገባ ጅማቷን ይጫናታል፤ ያ የእግር ጣቶቿን እስከ ማታ ያደነዝዝባታል። ስትነሳ ዳሌዋ ብቻውን ይንጠለጠላል፣ እዚያ ጋ የሚይዛት ነገር የለም። ወደ ግራ ሲዞር ትንፋሿ ይቆማል። መሀል ላይ ትንሽ ቆም ይላል፣ ታውቂያለሽ አይደል? እዚያ ላይ የሚጥላት ይመስላታል። በየቀኑ ይመስላታል። ስለዚህ ማታ ስትተኛ የነገውን ጠዋት እየፈራች ነው የምትተኛው። እናትሽ እንዲህ እንድትሆን አልፈልግም።»

ትርንጎ አፏን በእጇ ይዛ ነበር የምታዳምጠው። እኔ መጋረጃውን ይዤ ወንበር ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ሄራን የታጠፈውን ፎጣ ደረቷ ላይ ይዛ ባሏን ታያለች። ይህን ሁሉ ወር አንዲት ቦታ ላይ አንዲት ፎጣ ስትደርብ ነው የከረመችው።

«እኔን ቢያነሳኝ ብዬ በየቀኑ ስጠይቅህ» አለችው፣ «ለምን ይኼን ሁሉ አልነገርከኝም?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ» አላት።

ሄራን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ትርንጎ ተነስታ የማንሻውን የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳው ነቀለችና ወደ እኔ ዞረች፤ «ይርዱኝ» አለችኝ። ከወንበሩ ወረድኩ። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆነን፣ እጃችንን ከስሩ አስገብተን ቀስ ብለን ቀና አደረግነው። ሁለታችንም አልለመድነውም፤ የኔ ክንድ ሸርተት ብሎ ብብቱን ነካው።

«አመመኝ» አለ ያፌት።

ሦስታችንም ባለንበት ቆምን።